ጫፉ የተዋጠ ቃል

ባለፈው ሰሞን ደባርቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ልጅ ሰብለ ከስልኳ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰማኋት። ሰብለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ልጅ ናት። በተኩሱ ሰበብ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ የእነሱም ትምህርት እንደ መንገዱ ሆኗል። ጊዜዋን በኮሪያ ተከታታይ ፊልም ስትገፋ ቆይታ፣ አሁን ደግሞ ቋንቋውን ካልተማርኩ ብላ ተነሥታለች። ስልኩ አንድ ቃል ይነግራታል፣ እሷ ትደግመዋለች፣ ስልኩ በቀይ ምልክት ይመልስባታል። «ባፕ» ትላለች። ቀይ። «ባብ» ትላለች። ቀይ።

«ምን አድርጊ ነው የሚልሽ?» አልኳት።

«መጨረሻዋን ፊደል አልያዝሽም ይለኛል፣ ጋሼ። ይኸው እያልኳት አይደል እንዴ! ባ-ፕ!»

«ማለቱንስ ብለሻታል፤ መልቀቅሽ ነው ያበላሸው። ከንፈርሽን ግጠሚና እዚያው ተይው። አትክፈችው።»

ለቀልድ ያህል ሞከረችው። ከንፈሯን ገጥማ ዝም አለች። ስልኩ አረንጓዴ አበራ። በደስታ ጮኸችና ዘወር ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ኮሪያኛ የት ተማሩ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። መልሱ አጭር አልነበረምና ሻዬን ጨልጬ ተነሣሁ። ቤቴ እስክደርስ ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ከንፈሬን ገጥሜ፣ ሳልከፍት፣ እንደ እብድ ብቻዬን እያልኩት ሄድሁ።

አባቴ አስር አለቃ ፈንቴ ይባላል። ዳባት ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስና ስንዴ የሚያርስ ገበሬ ነበር፤ ሰው ግን ማዕረጉንም ስሙንም ትቶ «ኮሪያው» ይለዋል። በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ጀምሮ ዳዊት ሳይጨርስ ወታደር ቤት ገባ፤ ከዚያም በመርከብ ተጭኖ ኮሪያ ዘመተ። ከዘመቻው የቀረው አንድ ካፖርት ነው። ወፍራም፣ ሣርማ ቀለም ያለው፣ አዝራሮቹ እንኮይ የሚያህሉ። የዳባትን ብርድ የሚያውቅ ያንን ካፖርት ለምን እንደምንመኘው ያውቃል። ያኔ የከተማ ልጅ ቴትሮን ሱሪ አስተኩሶ ሲለብስ፣ የገጠሩ ልጅ ቁምጣና ጋቢ ነበር ያለው፤ የጎማ ጫማ ያደረገ የተመቸው ነው። ስኳር በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፣ ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ እንዲያገግም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳባት ሲደርስ ጡሩንባውን ይነፋል፤ እኛ ልጆቹ ወደ ዛሪማ ቁልቁለት የሚወርዱትን መንገደኞች በአድናቆት እናያቸው ነበር፤ ቁልቁለቱ መኪና ይበላል ይባል ነበርና። ሾፌሩ ከአንዱ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ሥጋ እስኪጠበስለት ድረስ አውቶቡሱን ዞረን እንዳስሳለን። ዛሬ በዚያው ጥግ የስልክ መሸጫ ሱቅ ቆሞበታል።

ከጠጅ ቤቱ በር ማሲንቆ የሚመታ አንድ ሰው ነበረ፤ አባቴ ባለፈ ቁጥር እንዲህ ይለው ነበር፦

ባሕር ተሻግሮ ጠላት ያባረረ፣
አገሩ ሲገባ አፉን ማን አሰረ?

ሰው ይስቃል። አባቴ ሳንቲም ወርውሮ፣ ሳይስቅ ሳይቆጣም ያልፋል። ስለ ኮሪያ ምንም አይናገርምና። ሌሎቹ ዘማቾች በየጠጅ ቤቱ ጀብዷቸውን ሲያወሩ፣ የእኔ አባት አንድ ነገር ብቻ ነበረው። ጠዋት ጠዋት መስታወቷን መቃኑ ላይ ሰቅሎ ጢሙን ሲላጭ፣ አፉን በመስታወት እያየ «ባብ… ባት… ባክ…» ይላል። ይጠብቃል። ራሱን ይነቀንቅና እንደገና ይጀምራል። የሰፈሩ ልጆች ይህንን ሰምተው «አባ ባብ» አሉት። እኔ በስሙ ከስንቱ ጋር ተደባድቤያለሁ! እናቴን ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቃት፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ፣ «ተወው ልጄ፤ ጦርነት የሄደ ሰው ሙሉውን አይመለስም» ነበር ያለችኝ።

ነገሩን የሰማሁት አድጌ፣ መምህር ሆኜ ደባርቅ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። በአጨዳው ወራት ላግዘው ሄጄ አውድማው ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ «እንግሊዝኛ ታስተምራለህ አሉ። ኮሪያኛስ አስተምረዋችኋል?» አለኝ። የለም አልኩት። ገለባውን ከጋቢው አራገፈ። ከዚያ ጀመረ።

«ክረምታቸው ነበር። በረዶው የእኛን የደጋውን በረዶ አትየው፤ ምድሩን እንዳለ የዋጠ ነው። አንዲት የተቃጠለች መንደር ገባን። ሰዉ ሸሽቷል። ከአንድ ቤት ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁና ገባሁ። ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ብርዱ ፊቱን አጥቁሮታል። በብርድ ልብሴ ጠቀለልኩት፤ እጁን ከውስጥ አድርጌ እስከ አንገቱ አጠበቅሁት። እንዲሞቀው ብዬ ነው። ልጁ ዓይን ዓይኔን እያየ ‹ባ› አለኝ። በጦር ሰፈራችን ዙሪያ የሚለምኑ ልጆች ምግብ ሲሉ እንዲያ ነው የሚሉ፤ እኛ ከቋንቋቸው የምናውቀው እሷኑ ብቻ ነው። ቆርቆሮ ከፍቼ በማንኪያ አጎረስኩት። በላ። ዋጠና ‹ባ› አለ። ደገምኩለት። አሁንም ‹ባ›። ‹አይ ሆዳም! የተዝካር ተማሪ ነህ እንዴ?› ብዬ ሳቅሁ። ጓዶቼም ሳቁ። ከዚያ እያለቀሰ እቅፌ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።»

እዚህ ላይ አንድ ዘለላ ገብስ አንሥቶ በመዳፉ አሸው፤ አልበላውም።

«ሲነጋ ከቤቱ ጓሮ፣ ከእርሻው ዳር አንዲት ሴት በረዶ ለብሳ አገኘን። እግሯ ተመትቷል። ወደ ቤቱ እየተሳበች ነበር። ሐኪማችን ነካ ነካ አደረጋትና፣ ‹ከሞተች ብዙም አልቆየች፤ ማታውን በሕይወት ነበረች› አለ። ከእኛ ጋር ሰንብቶ አማርኛ የለመደ አንድ ኮሪያዊ አስተርጓሚ ነበረን። ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። ‹ልጁ ምን አለህ?› አለኝ። ‹ባ አለኝ› አልኩት። ተቆጣ። ‹ባ ብሎ ቃል የለም! መጨረሻው ምንድር ነው? በ«ብ» ሲያልቅ ምግብ ነው፣ በ«ት» ሲያልቅ እርሻ ነው፣ በ«ክ» ሲያልቅ ውጭ ነው። የቱን አለህ?› ምን ልበለው? ጫፉን አልሰማሁማ! ልጁ ጫፉን ዋጠው። እሱም ጥሎኝ ሄደ፤ እኛም በዚያው ዕለት ወደ ግንባር ተነሣን። ልጁን እናት አባት የሌላቸው ልጆች ወደሚሰበሰቡበት በመኪና ወሰዱት። ስሙን እንኳ አላወቅሁም።»

«አባ፣ በእጁ አላሳየዎትም?» አልኩት።

«እጁን ጠቅልዬው የለ!» አለ። «እጁ ተፈትቶ ቢሆን ይጠቁመኝ ነበር። እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

ከዚያ ወዲህ ቃሉን ሲፈልገው ኖረ። ባብ ቢል፣ ባት ቢል፣ ባክ ቢል፣ ሁሉም ጫፍ አላቸው። ልጁ ያለው ግን ጫፍ የለውም። «ሳድስ እንኳ ትንሽ ትንፋሽ አላት» ይለኝ ነበር፤ «ያ ቃል ግን ትንፋሽም አልነበረው። ምግብ ከሆነ ያለኝ ሰላም ነኝ፤ ለመነኝ፣ ሰጠሁት። ምግብ ካልሆነ ግን እናቴ እዚያ አለች ብሎኛል። እየደጋገመ ብሎኛል። እኔ አፉን በማንኪያ እየዘጋሁበት።»

ይህን ስሰማ ወጣት ነበርኩና ሩቅ አገር የሆነ፣ ያለፈ ነገር መስሎኝ ነበር። ዛሬ እንዲያ አላስብም። በእነዚህ ባለፉት ዓመታት እኛም በገዛ አገራችን ከእርሻ ዳር ሰው ያነሣን ሰዎች ሆነናል። የጎረቤቴ ሕፃን ተኩስ በሰማ ቁጥር አንዲት ቃል ብቻ ይናገር ነበር፤ እናቱ እንኳ ምን እንደሚል አታውቅም። ያን ጊዜ ነው አባቴ መስታወት ፊት ሲቆም የኖረው ለምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ።

ዓመታት አለፉ። አንዱ መንግሥት ሄደ፣ ሌላው መጣ። የእናቴን ተዝካር አወጣን። ደባርቅ የቱሪስት ከተማ ሆነች። ያንን ዘመን ያላየ አያምነኝም፤ ከሆቴሎቹ በር በቅሎ የሚያከራዩት ይሻማሉ፣ አሮጌ ጠመንጃ ያነገቱ የፓርክ ጠባቂዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተራ ይጠብቃሉ፣ ዳቦ ቤቶቹ ለተራራ ወጪው ስንቅ ዳቦ ማድረስ ያቅታቸዋል። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ዱላ በሁለት እጁ የያዘ ፈረንጅ መንገዱን ይሞላዋል። ዛሬ እነዚያ ሆቴሎች መጋረጃቸው ተዘግቶ፣ አንዳንዱ ክፍል የተፈናቀለ ሰው መጠጊያ ሆኖ አይቻለሁ። ያኔ ግን አስጎብኚ የነበረው፣ ኮሪያዊ ካየህ ንገረኝ ያልኩት ጎረቤቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ «መምህር፣ አባትህ የሚፈልጓቸው ሰዎች መጥተዋል። ኮሪያውያን ናቸው። አሁን ከተራራው፣ ከጨነቅ ወርደው ሆቴል ገብተዋል፤ ነገ ከሰዓት ይሄዳሉ» አለኝ።

በማግስቱ በማለዳ ሚኒባስ ይዤ ዳባት ወረድሁ። አባቴ ያን ጊዜ ጥርሱ አልቆ፣ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ ሆኗል። ነገሩን ስነግረው ምላጩን አነሣ። ተላጨ፤ አፉን ግን በመስታወቱ አላየም። ካፖርቱን ለበሰ፤ ክርኑ ተጣጥፏል፣ ግማሹ አዝራር የእናቴ ስፌት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሁለቱም አሉ፣ ጎረቤቴ አናግሮ ቀጠሮ የያዘልን ግን ሴት ናት፣ ጡረታ የወጣች የሕፃናት መምህርት ናት አልኩት። «ደግ» አለ። ደባርቅ እስክንገባ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም።

የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሴትዮዋ ፀጉሯ ሽበት፣ ከንፈሯ በተራራው ፀሐይ የተሰነጣጠቀ፣ ትንሽዬ ሰው ናት። አባቴ በአገሯ የዘመተ መሆኑን ስነግራት ተነሥታ ወገቧ እስኪታጠፍ እጅ ነሣችው። እሱም መነሣት ቢያቅተው ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ የበረዶውን መንደር፣ ልጁን፣ ማንኪያውን፣ የሞተችውን ሴት፣ ሁሉንም ነገራት። እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልስላታለሁ። እንግሊዝኛዋ እንደ እኔው ቀስ ያለ ነበር። «ባ» የሚለው ጋ ስንደርስ ኩባያዋን አስቀመጠች።

«ትንፋሽ አልነበረውም ነው የሚሉት?» አለችኝ።

«አልነበረውም ይላሉ። ጫፉን ዋጠው ይላሉ።»

«እኛ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው» አለች። የአባቴን መዳፍ ይዛ ከአፏ ፊት አቆመችው፤ ሦስቱን ቃላት በተራ አለቻቸው። አባቴ መዳፉ ላይ የሚመጣ ትንፋሽ ጠበቀ። በመጨረሻው ላይ ምንም አልመጣም። ለእኔ ጆሮ ሦስቱም አንድ ነበሩ፤ ባ፣ ባ፣ ባ፤ በር በድንገት እንደተዘጋ ያለ። እሷም እንዲህ ብላ አስረዳችን፦ ፊደሉ አለ፣ አፍም ቦታውን ይይዛል፤ ነገር ግን አይለቀውም። ለምግብ ከንፈር ይገጠማል፣ ሳይከፈት ይቀራል። ለእርሻ ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይለጠፋል፤ ከንፈር ክፍት ነው። ለውጭ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ከንፈር አሁንም ክፍት ነው። ከኋላው አንዲት አናባቢ ብትጨመር ኖሮ የተዋጠው ፊደል ወጥቶ ይሰማ ነበር፤ «እርሻው ላይ» ቢል ‹ባቴ› ይል ነበር፣ «ውጭ ነች» ቢልም ይለይ ነበር። «ሌላ ምንም አልጨመረም?» አለችኝ።

«ምንም» አለ አባቴ፣ ስነግረው።

«ሕፃን ነዋ» አለች። አባቴን ትክ ብላ አየችው። ሽማግሌው በካፖርቱ ውስጥ ኩርምት ብሎ ሲጠብቃት አየች መሰለኝ፣ ፈጠን ብላ፣ «ንገራቸው፣ ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ቃል ምግብ ነው። ያለው ምግብ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሕፃናት አስተምሬያለሁ፤ አውቃለሁ። ምግብ ነው የለመናቸው፤ እሳቸውም ሰጡት» አለችኝ።

ነገርኩት። ደስ ብሎኝ ነው የነገርኩት። አባቴ ግን አፏን ነበር የሚያየው።

«እስቲ እንደገና ትበላቸው» አለ። «ቀስ ብላ።»

አለቻቸው። መጀመሪያ ምግብን፤ ከንፈሯ ገጠመ። ቀጥላ ሁለቱን፤ ከንፈሯ ሳይገጥም፣ ጥርሷ እየታየ። አባቴ ጣቱን ወደ ገዛ ጥርሱ አነሣ። በበረንዳው ሥር በቅሎ ነጂዎች ስለ ተራ ይጨቃጨቁ ነበር።

«ጥርሱ ይታየኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ፣ ደቃቅ ናቸው። ቃሉን ብሎ ሲያበቃም አይሸፈኑም ነበር። ማንኪያውን በእነሱ መሃል ነው የማስገባው። ከንፈሩን አልገጠመም፣ ልጄ። አንድም ጊዜ አልገጠመም።»

ልተረጉምላት አፌን ስከፍት እጇን አንሥታ ከለከለችኝ። ጣቱን ወደ ገዛ ጥርሱ ሲያመለክት አይታዋለች። ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ሁለት እጆቹን ይዛ በራሷ ቋንቋ ቀስ ብላ ብዙ ተናገረች። ምን እንዳለችው ወደ እንግሊዝኛ አልመለሰችውም፤ እኔም አልጠየቅኋት። አባቴም ምን አለችኝ አላለኝም። ጓደኞቿ መኪና ላይ ሆነው ሲጠሯት ብዙ ቆይታ ተነሣች።

ሳምንት ሳይሞላ አባቴ የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ፤ አብሬው ነበርኩ። መምሬ ታሪኩን ሁሉ አቀርቅረው ሰሙ።

«ፍትሐት ይደረግላት ነው የምትለኝ፣ ፈንቴ?»

«አዎን፣ መምሬ።»

«ስመ ክርስትናዋን ማን ብዬ ልጥራ?»

«አላውቀውም።»

«ተጠምቃለች?»

«እሱንም አላውቅ። በረዶ ለብሳ ነው ያየኋት፤ አንገቷን አላየሁም።»

መምሬ በጣም ተጨነቁ። «እንግዲህ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም» አሉ። «ለነዳያን ማብላት ግን ማን ይከለክልሃል? አብላ። እሱ ስሟን ያውቀዋል።»

አባቴ ያለውን አንድ ወይፈን አረደ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ነዳያኑን አስቀምጦ በምርኩዙ እየተደገፈ በገዛ እጁ አደላቸው። አንዲት ዓይነ ሥውር አሮጊት ድርሻዋን ተቀብላ፣ «የማን ዝክር ነው፣ ጌታዬ? ነፍስ ይማር የምለው ማንን ነው?» አለችው።

«አንዲት እናት ናት።»

«የእርስዎ እናት?»

«የእኔስ አይደለችም» አለ። አሮጊቷ ሌላ አልጠየቀችም፤ ለዚያች ለማታውቃት ነፍስ እጆቿን ዘርግታ ረጅም ምርቃት መረቀች።

ስንመለስ ዝናብ ያረገዘ ነፋስ ከስሜን ተራሮች በኩል ይነፍስ ነበር። አባቴ ከዚያ በረንዳ ወዲህ ቃሉን አንድም ቀን ብሎት አያውቅም፤ ሲላጭም ዝም ነው። ምን ብዬ ላጽናናው እያልኩ ከኋላው ስሄድ ቆይቼ፣ «አባ፣ ልጁን እኮ አትርፈውታል። እርስዎ ባይደርሱለት ኖሮ እሱም ከእናቱ ጋር ያልቅ ነበር» አልኩት።

ቆመ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ምርኩዙ ላይ ተደገፈ።

«እሱንስ አውቃለሁ» አለ። «ካለ፣ ያንተ ታላቅ ነው። ወልዷል፣ ምናልባትም የልጅ ልጅ አይቷል። ያን ጊዜ ሕፃን ነበርና ሁሉን አያስታውሰውም። አንድ ነገር ግን ሳይዝ አይቀርም፤ አንድ ጥቁር ወታደር አቅፎ በማንኪያ ሲያጎርሰው። ገበታ በቀረበ ቁጥር እኔን እያነሣ ‹ያንን ሰው እግዜር ይስጠው› ይል ይሆናል።»

የካፖርቱን ኮሌታ ወደ አንገቱ ሰበሰበ።

«ቢረግመኝ ኖሮ፣ ልጄ፣ እችለው ነበር።»